መኪናው ዳንግላ ነው

ቆሰበር፣ ኅዳር 14 ቀን

እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ክረምቱ ሲወጣ ይተወኛል ብለሽ ነበር፤ ክረምቱ ወጣ፣ ሕመሙስ? ጌሾው ደረቀልሽ ወይስ ዘንድሮም ጭጋጉ አሻገተብሽ? ዳማዋ ባዝራ ወለደች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ምን ወለደች? ይኸው ሰላምታዬን ሳልጨርስ አምስት ጥያቄ ደረደርሁብሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። ወገቤንም ያመመኝ ዕድሜ እንዳይመስልሽ፤ የአምቡላንሷ መቀመጫ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ የተናገርሁትን ነገር በስልክ ማንሣት ስላቃተኝ ነው። ደግሞም ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ በስልክ ያወራነው ሁሉ ቢሰበሰብ እፍኝ አይሞላም። ስጠይቅሽ ትመልሺልኛለሽ፤ አንቺ ግን አንድም ነገር አትጠይቂኝም። ድሮ እንዲህ አልነበርሽም። የዘንገና ሐይቅ ውኃ ለምን ሞልቶ አይፈስስም፣ ፈረስ ቆሞ ሲተኛ ለምን አይወድቅም እያልሁ ሳደርቅሽ፣ ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ብለሽ ያደፋፈርሽኝ አንቺ ነሽ። ደጃዝማችነቱ ቀርቶ ሾፌር ሆንሁ እንጂ ጠባዩ አልለቀቀኝም። ባለፈው ሳምንትም ይኸው ጠባዬ አንድ ነገር አስገኘኝ፤ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ።

ማክሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ የአምቡላንሷ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ከዘንገና ወዲያ ያለ ገበሬ ነው፤ ባምላክ እባላለሁ፣ ምጥ ነው፣ ድረሱልን አለኝ። ስንተኛ ልጇ ነው? ከጀመራትስ ስንት ሰዓት ሆናት? አልሁት። ይህን መጠየቅ ሥራዬ ነው፤ ሥራዬ ባይሆንም እጠይቅ ነበር። ሰውየው ግን ምጥ ነው፣ ምጥ ነው ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። አፉን የፈታው በአገውኛ ነውና አማርኛው አጥሮት ይሆናል ብዬ ተውሁት።

አብራኝ የምትሄደው ነርስ ሲስተር ደጊቱ ትባላለች። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ከቆሰበር እስከ እናንተ ግምጃ ቤት የሚሰማ፣ ነገር በጠየቅኋት ቁጥር የምትገላምጠኝ ሴት ናት። ምጥ ነው ስላት የማዋለጃውን ዕቃ ይዛ ወጣች፤ የሕፃናቱን ቦርሳ ከመደርደሪያው አላወረደችም። ለምን ታወርደዋለች? የተባልነው ምጥ ነው። ይህን ቦርሳ ልብ በይልኝ።

መኪና የሚደርሰው ከከሰል ዛፉ፣ ከዲከረንሱ ተክል ጫፍ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ ነው። ሞተሩን ሳላጠፋ ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁል ሲመጡ አየን፤ ሴቶቹ ከኋላ ማርያም ማርያም ይላሉ። ቃሬዛው ላይ ከራሷ እስከ እግሯ ጋቢ የለበሰች ሴት ተኝታለች። ስንት ምጥ እንደጫንሁ እኔም ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ይህኛው ግን ገረመኝ፤ ሴትዮዋ አታቃስትም። የሚሰማው ሌላ ድምፅ ነው፤ የተሰነጠቀ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ያለ ይመስላል። ምጥ የያዛት ሴት ታፏጫለች እንዴ? አልሁ በልቤ።

ደጊቱ ጓንቷን አጥልቃ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ እያለች ጋቢውን ገለጥ አድርጋ እጇን ወደ ሆዷ ሰደደች። ሆድ የለም። የታለ ሆዱ! ብላ ጮኸች። ሆዱ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ከእናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ተኝታለች። ፉጨቱ የእሷ ትንፋሽ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ አየር በሳበች ቁጥር ከጎድኖቿ መካከል ሥጋዋ እየሰረጎደ ይገባል። ሴቶቹ ማርያም ማርያሙን አቋረጡ። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ ብቻ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ምጥ አይደለም እንዴ? አለኝ፤ እሱንም ያታለሉት እኛ የሆንን ይመስል። እናትየዋ ማናለብሽ ትባላለች። የደጊቱን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ሲስተር አታውርዱን አለች። ደግማ ደጋግማ፣ አታውርዱን።

ማን ያወርዳታል? ደጊቱ ልጅቱን አንሥታ ቀና አድርጋ ስታስቀምጣት ፉጨቱ ረገብ አለ፤ ከንፈሯም ትንሽ መለስ አለላት። ትዕግስት ነው ስሟ። በኋላ ደጊቱ እንዳስረዳችኝ፣ ያቺን ልጅ በጋቢ ሸፍኖ ከማስተኛት የከፋ ነገር አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንደዚያ አድርገው ነው ያወረዷት። ምጥ ለማስመሰል። እኛም ኦክስጅን ልንሰጣት ስንል ያለን የአዋቂ ጭንብል ነው፤ ከግንባሯ እስከ አገጯ ዋጣት። ትንሹ ጭንብል ያለው ልብ በይልኝ ያልሁሽ ቦርሳ ውስጥ፣ ቆሰበር መደርደሪያ ላይ ነው። ደጊቱ ቱቦውን ባፍንጫዋ ፊት በእጇ ይዛላት ሆስፒታል ደረስን።

ዶክተር ሽመክት የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ጠያይቆ ጠያይቆ ነገሩን አወጣው፤ እሁድ ለት ልጅቱ ባቄላ ቆሎ ስትበላ ትን ብሏት ነበር። እንጥሏ ወርዷልና ይቆረጥ ያሉም ነበሩ፤ እናቷ እምቢ አለች እንጂ። ራጅ አነሣትና ባቄላው ከአየር ቧንቧዋ ውስጥ ነው አለ። እኔም አላስችል ብሎኝ ፊልሙን አየሁት፤ ባቄላ የሚባል አይታይም። የታለ? ብለው ሳቀብኝ። ባቄላ በራጅ አይታይም፣ የሚታየው ያደረገው ነገር ነው፤ ይኸኛው ሳንባ ያስገባውን አየር ማስወጣት አቅቶት ተነፍቷል አለኝ። ሁለት ቀን ይህን ነገር ሳስበው ሰነበትሁ፤ ራሱ የማይታይ፣ ያደረገው ነገር ብቻ የሚታይ።

የሚያወጣበት መሣሪያ ያለው ባሕር ዳር ስለሆነ በአስቸኳይ ውሰዷት ተባልን። እንዲህ ነው ትእዛዙ፦ እናቷ ጭን ላይ ቀና ብላ ትቀመጥ፣ ምንም አትቅመስ፣ ከሁሉ በላይ ግን አታስለቅሷት። ካለቀሰች ባቄላው ቦታውን ለቆ ዋናውን ቧንቧ ሊደፍነው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጸሎት ብቻ ነው የሚቀራችሁ አለን። እኔ ደግሞ አስቸኳይ ማለት ሳይረን ማስጮኽ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ገና ከግቢው ስወጣ አንዴ ባስጮኸው ልጅቱ ደንግጣ አፏን ለለቅሶ ከፈተች፤ ደጊቱ ከኋላ የጣለችብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። አጠፋሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉት የለ? ሞት የሚያህል ነገር ጭኜ፣ ጋሪ እያስቀደምሁ፣ ጉብታውን ሁሉ እንደ ነፍሰ ጡር እየተራመድሁ ነዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ በቀስታ ነድቼ፣ እንደዚያ ፈርቼም አላውቅም።

ማናለብሽ ልጇን በአገውኛ ታባብላለች። አንድ ዓይነት ነገር፣ ዜማ ያለው፣ መልሳ መላልሳ። ባምላክ ከጎኔ ተቀምጦ ነበርና ምን እያለች ነው? አልሁት። የፈረስ ስም እየጠራች ነው አለኝ። የማን ፈረስ? የአባቷ፣ የአያቷ፣ የሞቱትም ያሉትም። ልጅቱ ፈረስ ትወዳለች፤ ስማቸው ሲጠራ ዝም ትላለች። ዳንግላ እስክንደርስ ስንት ፈረስ እንደጠራች ብትሰሚ! ሲያልቅባት ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ዳንግላ ላይ ኦክስጅኑ እያለቀ ስለነበር የዚያ ሆስፒታል ሰዎች ሌላ ሲሊንደር አዘጋጅተው ጠበቁን። እሱን ስንቀይር የአምቡላንሷ ስልክ ጮኸ። አንድ ሰውዬ ነው፣ ምጥ ነው አለኝ። ወንድሜ፣ መኪናው ዳንግላ ነው አልሁት። እውነቴን ነው፣ ዳንግላ ቆሜያለሁ። ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ኧረ ልጅ አላልሁም እኮ! ምጥ ነው፣ የእውነት ምጥ! አለኝ። እኔም የእውነት ዳንግላ ነኝ ብለው ወይ ፍንክች። በኋላ የሁለተኛዋን መኪና ሾፌር፣ እንግዳው የሚባለውን፣ ደውዬ ላክሁለት፤ ሴትዮዋም በሰላም ተገላግላለች።

የሰውየው ንግግር ግን እንደ እሾኽ ተሰካብኝ። ልጅ አላልሁም ማለት ምን ማለት ነው? ዳንግላ ነኝ ባልሁት እንዴት እንዲህ ያለ መልስ ይመለስልኛል? በመስተዋቱ ወደኋላ ባይ ማናለብሽ አንገቷን ደፍታለች። ባምላክም ነገሩን ሰምቶ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀምሯል። ከዳንግላ ስንወጣ ልጅቱ ጸጥ ብላለችና፣ ስለ ውሸቱ አልቆጣህም፣ ግን ይህን ነገር ካላስረዳኸኝ አላርፍም አልሁት።

ባምላክ ብዙ አቅማማ። እኛ አገር አባባል ሆኗል አለኝ በመጨረሻው። ልጅ ካልህ፣ መኪናው ዳንግላ ነው። ሰው እንደ ቀልድ ሁሉ ይለዋል፤ የማይሆን ነገር የለመነ ሰው ሲያጋጥም፣ መኪናው ዳንግላ ነው ይሉታል። ከየት የመጣ አባባል ነው? አልሁ። እሱ አያውቅም፣ ሚስቱ ናት የሰማችው። ከኋላ ማናለብሽ፣ ልጇ እንዳትነቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

ግምጃ ቤት ገበያ ጌሾ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች አለች። ጌሾ ግዙኝ ብላ ሰው አትጠራም። ልጅ ያዘለች ሴት ስታይ ግን ትጠራለች፤ የልጁን ልብስ ታስተካክላለች፣ ግንባሩን በመዳፏ ትለካለች፣ ከዚያ፣ ልጅ ታሞብኝ ብለሽ እንዳትደውዪ ትላለች። ልጅ ካልሽ መኪናው ዳንግላ ነው፤ ምጥ በዪ። ይህን ማን ነገረሽ ብለን ጠይቀናት ነበር አለች ማናለብሽ። የምወደው ሰው አለችን።

እታለም፣ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም። ደጊቱ አመመህ ወይ ብላኝ ነበር።

የቀረውን ላሳጥርልሽ። ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን፤ እየጠበቁን ነበር፣ በር ላይ ተቀበሏት። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ውጭ ተቀምጠን ቆየን። ባምላክ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእንጨት ይጭራል፤ እኔ ደግሞ የሚጭረውን አያለሁ። ሐኪሟ ወጥታ ግማሽ ባቄላ በትንሽ ብልቃጥ አሳየችን። ይቺ ናት ትላለች። እኔ ግዙፍ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ከጥፍሬ አትበልጥም። ትዕግስት ድምፅ አውጥታ፣ ጥርት ባለ ለቅሶ፣ ስታለቅስ ሰማናት፤ አሁን ማልቀስ ተፈቅዷል። ደጊቱ ማናለብሽን አቅፋ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለቻት፤ ልክ እንደ አራስ። ማናለብሽም ሳቀችና ከዚያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ እኔ ወደ መኪናዬ ሄድሁ።

ስመለስ የጉዞ መዝገቡን መሙላት ነበረብኝ። የጥሪው ምክንያት የሚል ቦታ አለ። ምጥ ብዬ ጻፍሁ። ውጤት በሚለው ላይ ደግሞ፣ በሰላም ተገላግላለች። አዲሷ ኃላፊያችን ወይዘሮ ያለምወርቅ አንብባ ጠራችኝ፤ ጉዳዩን ሁሉ ከደጊቱ ሰምታለች። የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር። ምነው ልጅ ታሞ ነው ብለው ለመደወል ፈሩ? አለችኝ። መኪናዋ የእናቶች ብቻ ናት፣ ከምጥ በቀር ጎማዋ አይንቀሳቀስም የሚል ደንብ ስለነበረ ነው አልሁ። የት የተጻፈ? አለች። እኔን በገዛ ጠባዬ ያዘችኝ፤ የት እንደተጻፈ ጠይቄ አላውቅም ነበራ! ስለ ውኃውም ስለ ፈረሱም የጠየቅሁ ሰውዬ ይህን አንድ ነገር አልጠየቅሁም።

ሁለት ቀን ሙሉ የመጣ ደብዳቤ፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ አቧራ የበላው ፋይል ሁሉ አገላበጥሁ። የለም። በዚያን ጊዜው አለቃችን አፍና በእኔ ፍርሃት ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም አልተጻፈም። ደንቡን ስፈልግ ግን የድሮ መዝገቦች እጄ ገቡ።

የናርዶስን ቀን ላነሣብሽ ነው፣ ይቅር በዪኝ። አንቺ ከግምጃ ቤት ደውለሽ፣ ልጄ እሳት ሆናለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ድረስልኝ ስትዪኝ፣ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። መኪናው ዳንግላ ነው አልሁሽ። አንቺም ስልኩን ዘጋሽው፤ በጋሪ ይዘሻት ወጣሽ፤ ቆሰበር ሳትደርሱም ጋሪው ተመለሰ። በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ መኪና ቢገኝ ኖሮ ሲል፣ ምን ያድርግ፣ ዳንግላ ነበር ብለሽ ስለ እኔ የመለስሽው አንቺ ነሽ። ወደ እኔ ግን አላየሽም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የዚያን ቀን ገጽ እንዳለ ገልብጬልሻለሁ።

ሐምሌ 9 ቀን። የመኪናው ሁኔታ፦ በግቢ ቆሟል። ነዳጅ፦ ሙሉ። የተደረገ ጉዞ፦ የለም። የሾፌሩ ፊርማ።

ፊርማዋን ታውቂያታለሽ። የመጨረሻዋን ፊደል ጭራ አስረዝማት፣ ታምራለች ብለሽ፣ መሬት ላይ በእንጨት እየጻፍሽ ያስተማርሽኝ ናት።

እኔ ጥያቄ የማይጨርስ ሰው ነኝ፤ አንድ ጥያቄ ግን አልጠይቅሽም። መቼ እንዳወቅሽ አልጠይቅሽም።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ልለምንሽ ነው። ትዕግስት የዳነችው በአንቺ ቃል ነው፤ ባትነግሪያቸው ኖሮ አይደውሉም ነበር። ልትሞት የነበረችውም በጋቢው ሥር ነው፤ ያለበሳት የእኔ ቃል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ምጥ ተብለን ስንወጣ ትንሹ ጭንብል ቢቀርስ? ልጁስ መንገድ ላይ ቢታፈን? አሁን የሕፃናቱ ቦርሳ ከመኪናዋ አይወርድም፤ ምጥም ቢባል፣ ምንም ቢባል። ወይዘሮ ያለምወርቅም ለሕፃን መኪና ይወጣል የሚለውን በጽሑፍ አድርጋ፣ ማኅተም መትታ በር ላይ ለጥፋዋለች። ስልኩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ሲጮኽ ምንድን ነው ብዬ አልጀምርም፤ የት ናችሁ? ነው የምለው። ዳንግላ ስሆን ዳንግላ ነኝ እላለሁ፤ ያን ጊዜ እንግዳው ይወጣል።

እንዲያምኑኝ የሚያደርግ አፍ ግን የእኔ አይደለም። ያንቺ ነው። ባታምኚኝም እፈርድብሻለሁ ማለቴ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ባጃጅ የሚነዳው ኪዳኑ ለገበያ ቀን ያደርስልሻል። መልስ አልጠብቅም፤ ብትጠይቂኝ ግን፣ የፈለግሽውን፣ እመልሳለሁ። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ጌሾሽን ከጭጋግ ይጠብቅልሽ፣ የናርዶስን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። ለእኔ ያለሽን ምርቃት ሁሉ ለደጊቱና ለማናለብሽ አድርጊው።

ልጅ ያዘለች ሴት ወደ አንቺ ስትመጣ፣ ግንባሩን በመዳፍሽ ስትለኪው፣ ይህን በዪልኝ። አትሸፍኚው፣ አታስተኚው፣ ቀና አድርገሽ ያዢው። ልጅ በዪ። መኪናው ቆሰበር ነው።

ወንድምሽ